ተረቴን መልሱ

እናቶቼና አባቶቼ፣ የዜሮ ክፍል መምህራን፣

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጊዜ ልጥራችሁና መልሱልኝ። ተረት ተረት!

ሰማችሁ? ከፊቴ ያላችሁት «የመሠረት» አላችሁ። በስተግራ የተቀመጣችሁት እናቶች «የላም በረት» ብላችሁ መለሳችሁ። ከኋላ ደግሞ ፈገግ ብለው ዝም ያሉ አሉ፤ እነሱ ቤት ተረት የሚከፈተው በጉሙዝኛ ወይም በሱዳን አረብኛ ይሆናል። ለአንድ ጥሪ ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ። ኮኪት ማለት ይህ ነው።

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ የብዙ አገር ልጅ ናት። ጉሙዙ ከጥንትም በዚህ ቆላ የኖረ ነው። ከደጋው ጎንደር፣ ከወሎና ከጎጃም ሰሊጥና ጥጥ ጠርቶት የመጣ አለ። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በሠፈራ ወደ መተማ ወረዳ የመጣ አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ልጁን አዝሎ በመተማ በኩል ድንበር የተሻገረ አለ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ባዶ እጁን የመጣ ብዙ ነው። ባዶ አፉን የመጣ ግን የለም።

ልመናዬም በዚሁ ላይ ነው። በመስከረም ዜሮ ክፍል የሚገባ ልጅ ከፊደል አስቀድሞ ተረት ይቀበል፤ ተቀብሎም ይመልስ። «ይመልስ» ያልኩትን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

ዜሮ ክፍል ለአገራችን ገና እንግዳ ነገር ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፈተ፤ መዋዕለ ሕፃናት ግን ለብዙ ዘመን የከተማና የከፋይ ወላጅ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ ነው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የስድስት ዓመት ልጆች የሚቀመጡበት ክፍል በየገጠሩ የተስፋፋው። በሩ ተከፈተ፤ ውስጡ ምን ይደረግ የሚለው ግን በቅጡ አልተመለሰም። በብዙ ቦታ ያየሁት የአንደኛ ክፍልን ትምህርት አንድ ዓመት ቀደም አድርጎ በትንንሽ ልጆች ላይ መጫን ነው።

በዚያው በ2002 ዓ.ም. የአገራችን ልጆች ንባብ በጥናት ተለክቶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከተሰጣቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም ጥያቄ ሳይመልሱ የቀሩት ደግሞ 48 በመቶ ነበሩ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሁለተኛው ቁጥር ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ልጆች ቃሉን አንብበዋል፤ ታሪኩ ግን አልገባቸውም። ፊደል ቆጥረው ነገሩን ሳያገኙ ቀሩ። ታሪክ መከተል የሚለመደው በጆሮ ነው፣ ዓይን የሚደርሰው ኋላ ነው። በጆሮው አንድ ተረት ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከትሎ የማያውቅ ልጅ በመጽሐፍ ላይ ቢያገኘው እንዴት ይከተለዋል?

ይህንን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ጀማሪ መምህር ሳለሁ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በአንድ ትንፋሽ የሚወርድ ልጅ ነበረኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የማስነሳው እሱን ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ድረስ ጠርቼ «በጣትህ እየነካህ በልልኝ» አልኩት። ጣቱ ገና «ለ» ላይ ነው፣ አፉ «ሠ» ደርሷል። ልጁ 33ቱን ፊደል ከነሰባት ቤቱ፣ 231 ቅርጽ፣ እንደ ዘፈን ይዞታል እንጂ አንዱንም አላየውም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ለዚያ ልጅ «ለ» ምንም አልነበረችም፤ የማንም ስም መጀመሪያ፣ የማንም ድምፅ አልነበረችም። እኔ ነኝ ባዶ ዕቃ ያሸከምኩት።

የድሮው የቄስ ትምህርት ቤትም በዜማ ነበር የሚያስተምረው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የዚያ ዘመን ልጅ ግን ማታ ቤቱ ሲገባ እሳት ዳር ተረት ይጠብቀው ነበር። ቀን ፊደሉን፣ ማታ ቋንቋውን ይማራል። ዛሬ ማታውን ስልክ ወስዶታል። የቀረውንም እርሻ ወስዶታል፤ በአጨዳ ጊዜ ስንቱ አባት ነው ማታ ከልጁ ጋር የሚቀመጠው? እንግዲህ ማታ ቤት የቀረውን ነገር ቀን ክፍል ውስጥ ልናገባው ይገባል።

አሁን አንድ ተረት ልውሰድና ከውስጡ ምን እንደሚወጣ ላሳያችሁ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ የጅቡና የአህያዋ ተረት ነው። እኔ ስተርተው ወንዙን ጓንግ እለዋለሁ፣ ልጆቹ የሚያውቁት ወንዝ ስለሆነ።

ጅቡ ከላይ፣ አህያዋ ከታች ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። ጅቡ ቀና አለና «አንቺ! ውሃዬን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» አላት። «አያ ጅቦ፣ አንቱ ከላይ ነዎት፣ እኔ ከታች ነኝ። ውሃው ከአንቱ ወደ እኔ ይወርዳል እንጂ ከእኔ ወደ አንቱ እንዴት ይወጣል?» አለች። ጅቡ አሰበ፣ መልስ አጣ። «ይህን ስትናገሪ ጆሮሽን ለምን ቀሰርሽብኝ?» አላት። አህያዋ ነገሩ ገባት። «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። መጀመሪያ ውሃው አለ። «ላይ» እና «ታች» ለስድስት ዓመት ልጅ ቀላል ቃላት ይመስላሉ። ወንዝ ላይ ሲሆኑ ግን ሌላ ናቸው፤ ሁለቱም እንስሳት እኩል መሬት ላይ የቆሙ ይመስላሉ፣ ሆኖም አንዱ ላይ አንዱ ታች ነው። በመስከረም መሬቱ ገና ውሃ አልጨረሰም። ልጆቹን ወደ ግቢው ቦይ አውጥታችሁ ቅጠል ጣሉበት። ቅጠሉ ከጅቡ ወደ አህያዋ ይሄዳል ወይስ ከአህያዋ ወደ ጅቡ? ልጁ በዓይኑ ካየ በኋላ ጅቡ እንደሚዋሽ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ማስረጃ ይዞ ይፈርዳል። ይህ ሳይንስ ነው፣ ፍርድም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቅጠል ነው።

ሁለተኛው የቋንቋው ነገር ነው፤ እኔ ይህን ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ጅቡ «አንቺ» ይላል፣ አህያዋ «አንቱ» ትላለች። አማርኛ ሰውን ከሰው የሚለየው በግሡ ራስና ጅራት ነው፤ ውረድ፣ ውረጂ፣ ይውረዱ። ይህን በሰሌዳ ላይ ዘርዝሮ ለሕፃን ማስተማር አይቻልም። ቤቱ ጉሙዝኛ ለሚነገርበት ልጅማ በጣም ይከብዳል። በተረት ግን ያለ ድካም ይገባል፣ ምክንያቱም ጅቡን ሲሆን እንደ ጅቡ፣ አህያዋን ሲሆን እንደ አህያዋ መናገር አለበት። የመጨረሻዋን ቃል ደግሞ ልብ በሉልኝ። አገር የሚያውቀው ምሳሌ «ብላኝ» ነው የሚለው እንጂ «ይብሉኝ» አይልም። ስለዚህ እኔ ስተርት አህያዋን በ«አንቱ» አስጀምራትና መጨረሻ ላይ ወደ «አንተ» አወርዳታለሁ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ማክበሩን ያቆማል። ልጆች ይህንን ይሰሙታል፤ አንድ ጊዜ ሳልለውጠው ባልፍ ከፊት የተቀመጠ ልጅ አርሞኛል።

ፊደሉም ከዚሁ ይወጣል። «ጅ» የጅብ ናት፣ «አ» የአህያ ናት። ልጁ «ጅ»ን ሰሌዳ ላይ ሲያያት ውሃ ዳር የቆመ ውሸታም ይታየዋል። ያ የእኔ ተማሪ ያጣው ይህንን ነበር።

60 እና 70 ልጅ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል የምትሉ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ። በእኔ ክፍል አንዱ ረድፍ ጅብ ነው፣ አንዱ ረድፍ አህያ ነው፣ መካከለኛው ረድፍ ወንዝ ነው። ወንዙ «ሽሽሽ» እያለ ከላይ ወደ ታች ይወዛወዛል፤ «ሸ»ንም የተማሩት በዚሁ ነው። ዝም ብሎ ተመልካች የሆነ ልጅ አይኖርም።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ቃል ልመለስ። አባቶቻችን ተረት ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። ዳቦውን ሁላችን እናስታውሳለን፣ መመለሱን ግን ረስተነዋል። ተረት ብድር ነበር። የሰማ ሰው ባለ ዕዳ ነው፤ በተራው ተርቶ ዕዳውን ይከፍላል። እኛ በትምህርት ቤት ምን አደረግን? መምህሩ ይተርታል፣ ልጆቹ ያዳምጣሉ፣ መጨረሻ ላይ «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ይባላል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ክፉ መሆን ጥሩ አይደለም!» ይላሉ። ደወል ተደወለ፣ ተወጣ። ይህ መመለስ አይደለም። ያ መልስ ተረቱን ጨርሶ ላልሰማ ልጅም ቀላል ነው።

እኔ ያንን ጥያቄ ትቼዋለሁ። በምትኩ «አህያዋ ምን ማድረግ ነበረባት?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዲት ልጅ «ለምን ብቻዋን ውሃ ወረደች?» ብላ መለሰችልኝ። የኮኪት ልጅ ውሃ የምትወርደው ከጓደኞቿ ጋር ነው፤ ይህንን ከእናቷ ሰምታለች። እኔ በሃያ ዓመት ውስጥ ከዚያ ተረት ያላወጣሁትን ትምህርት አወጣች። በማግስቱ ተረቱን መልሺ ስላት አሥር አህዮች አድርጋ መለሰችው፤ ጅቡም ሮጠ። ተረቱ ተበላሽቷል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ብድሬ ከነወለዱ ተከፈለኝ እላለሁ።

ይህን ያሰበ ከእኛ አገር ውጭም አለ። ቪቪያን ጋሲን ፔሊ የምትባል በአሜሪካ ቺካጎ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። ልጁ የራሱን ተረት ይነግራታል፣ እሷ ቃል በቃል ትጽፍለታለች፣ ከዚያ ሌሎቹ ልጆች ያንን ተረት ቆመው ይጫወቱታል። ዕድሜዋን ሙሉ ስለዚህ ጻፈች። ዘዴዋ ከውድ ዕቃ የመጣ አይደለም፣ እርሳስና ጆሮ ነው። በቀን አንድ ልጅ ብቻ ብናዳምጥና ሦስት መስመር ብንጽፍለት ዓመቱ ሳያልቅ ሁሉም ልጅ የራሱ ተረት ተጽፎ ያያል። ከአፉ የወጣው ቃል ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ማየት፣ ለማንበብ ከዚህ የበለጠ ምክንያት ምን አለ?

በአገራችንም አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተርተዋል። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በእሳቸው ተረት ያደገ ትልቅ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሰዎች ስለ እሳቸው ሲያወሩ አንድ ነገር ይረሳሉ፤ ስቱዲዮ የመጡትን ልጆችም ያናግሯቸው፣ ተረትና እንቆቅልሽም ያስነግሯቸው ነበር። መመለስን ያውቁ ነበር።

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ደግሞ የቂሉ ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕላዊ መጽሐፍ አሳተሙ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ ኋላም በሐዋሳ አካባቢ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ለልጆች አደረሱ። ማሞ እናቱ ትናንት የነገረችውን ዛሬ ያለ ቦታው የሚያደርግ ልጅ ነው፤ ሳንቲሙን ስለጣለ በኪስህ ክተት ትለዋለች፣ በማግስቱ ወተት ሲሰጠው ወተቱን ኪሱ ውስጥ ያፈሰዋል። ስለ ቅደም ተከተል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የማሞን ስህተት አይቶ የሚስቅ ልጅ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው፤ ሌላ ፈተና አያስፈልገውም። ብሪታኒያዊቷ ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድም ከ1990ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በየክልሉ እየዞረች ተረት ሰብስባለች። መሰብሰቡ ያስመሰግናል። የኮኪት አያቶች ተረት ግን ወረቀት ላይ የሚገኝ አይመስለኝም፤ እናንተው ዘንድ ነው ያለው።

ሁሉም ተረት ለሕፃን ይነገራል አልልም። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብኝ። በልጅነታችን የሰማናቸው አንዳንድ ተረቶች ጥቁር የሆነውን ሰው ባሪያ፣ ሸክላ የምትሠራዋን ሴት ማታ ጅብ የምትሆን ቡዳ፣ ዓይነ ስውሩን መሳቂያ ያደርጋሉ። በዚህ ክፍል ውስጥ የጉሙዝ ልጅ ተቀምጧል። የሸክላ ሠሪ ልጅ ተቀምጣለች። አንዲት እንዲህ ያለች ተረት አንድ ጊዜ ከተነገረች ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ጓደኞቹም በዕረፍት ሰዓት በዚያች ተረት ስም ይጠሩታል። «ተረት ነው እኮ» ማለት አያድንም። ተረት ስለሆነ እኮ ነው ውስጥ የሚገባው! እንዲህ ያለውን እኛ ጋ እናስቀረው፣ ከእኛ ጋር ይለቅ።

የሚያስለቅሰውን ግን አልፈራም። አንድ ጊዜ አህያዋ ስትበላ አንድ ልጅ ምርር ብሎ አለቀሰብኝ፤ ለካ ባለፈው ሳምንት የቤታቸውን አህያ ጅብ በልቷታል። ደነገጥኩ፣ ተረቱንም ላቆም ነበር። ልጁ ግን እንባውን ጠርጎ ስለ አህያቸው ይናገር ጀመር፤ ስሟን፣ ቀለሟን፣ ውሃ እንዴት እንደምትጭን። ከመስከረም ወዲህ ድምፁን የሰማሁት ያን ቀን ነበር። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ስንት ልጅ ከቀዬው ተፈናቅሏል፣ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ያየውን በቀጥታ ለመናገር አቅም ያጣ ልጅ በጅብና በአህያ በኩል ሊናገረው ይችላል።

ከሱዳን የመጡ እናቶች ይህንን ይበልጥ ያውቁታል። በእነሱም አገር አያቶች ማታ ልጆችን ሰብስበው ይተርታሉ፤ ስለ ቆንጆዋ ፋጢማ አስ-ሰምሓና ስለ ጭራቁ የሚነገረው የታወቀ ነው። የእኛ ጭራቅና የእነሱ ጭራቅ ወንድማማች ሳይሆኑ አይቀሩም። ጅብንም «መርፈዒን» ይሉታል። መምህሯ «ጅብ» ብላ የሱዳኑ ልጅ «መርፈዒን» ቢል፣ የጉሙዙም ልጅ በራሱ ቋንቋ ስሙን ቢጨምር፣ አንድ እንስሳ ሦስት ስም ይዞ ክፍሉ ውስጥ ይቆማል። ማንም ልጅ ቋንቋውን በር ላይ አውልቆ አይገባም።

ለመምህራን አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ተረት በማይመች ቀን፣ በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ እንቆቅልህ ይሻላል። ያልመለሰ ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር ይሰጣል። የእኛ ልጆች ጎንደርን ይሰጣሉ፣ ገዳሪፍን ይሰጣሉ፣ ቋራን ይሰጣሉ። የተሰጡትን አገሮች ስም ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው፤ ጂኦግራፊ ተጀመረ ማለት ነው።

አሁን የመጣሁበትን ልለምን። በመስከረም ትምህርት ከተከፈተ በኋላ በየሳምንቱ አንድ አያት፣ አንድ አጎት፣ አንዲት እናት ወደ ዜሮ ክፍል ይምጡ። የገበያ ቀን አይሁን። ማንበብና መጻፍ አልችልም የምትሉ ከሁሉ ቀድማችሁ ኑ። ወንበርና ቡና በእኛ ነው። ጉሙዝ አባቶች በጉሙዝኛ ይተርቱልን፤ የሚያስተረጉም ልጅ ክፍሉ ውስጥ አለ፣ እሱም ያን ቀን መምህር ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ለባለ እርሻዎች። የሰሊጡ አጨዳ ሲደርስ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ብዙዎቻችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ እርሻ ትወርዳላችሁ፤ ክፍላችንም ግማሹ ባዶ ይሆናል። ቢቀሩልን በወደድኩ ነበር። የግድ ከሆነ ግን ማታ ሳሉጉ፣ ለአጨዳ የመጣው ሠራተኛ፣ እሳት ዳር ሲቀመጥ ልጃችሁን አጠገቡ አስቀምጡት። ሳሉግ ከየአገሩ የመጣ ነው፤ ከጎጃም አለ፣ ከወሎ አለ፣ ከደጋው ጎንደር አለ፤ እኛ ያልሰማነውን ተረት ይዟል። ልጁ አንዱን ቃርሞ ይምጣ። ከእርሻ የተመለሰ ዕለት፣ ለምን ቀረህ ከማለታችን በፊት፣ ክፍሉ ፊት አቁመን እንሰማዋለን።